መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፒንግ እምቢ የሚለው ለምንድነው? የፍሬም ሪሌይና የኢንቨርስ አርፕ ነገር

አዳማ ላይ ኔትወርክ የሚማሩ ልጆች ላብ (የተግባር ልምምድ) ሲሰሩ ደጋግሞ የሚያናድዳቸው ነገር አለ። ማታ ሶስቱም ራውተር እርስ በርስ ፒንግ ይደራረጉ ነበር (ፒንግ ማለት የሙከራ ፓኬት ልኮ መልስ መጠበቅ ነው)፣ ኮንፊጉ ሴቭ ተደርጓል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ጠዋት ሲመጡ ግማሹ አይሰራም። ኬብል የነካ የለም፣ ኮማንድ የጻፈ የለም። ከዛ ወሬው ይጀመራል፣ «ፓወሩ ፖርቱን መታው»፣ «ድሮም ያረጀ ራውተር ነው»፣ «ሙቀቱ ነው ባክህ»። የአዳማ ሙቀት ብዙ ነገር እንደሚችል አውቃለሁ ግን ይሄን አላደረገም። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ጤነኛ ነው፣ ስህተቱም የገባው መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ነው፣ መብራቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ማጋለጥ ብቻ ነው። የተደበቀው ደግሞ ራውተሩ በራሱ ጊዜ የሚሰራው የአድራሻ ማፕ ውስጥ ነው፣ ማለትም የትኛው አይፒ በየትኛው መስመር እንደሚገኝ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ።

ፍሬም ሪሌይ፣ ያ የተራራቁ ቢሮዎችን በአቅራቢ ስዊቾች በኩል የሚያገናኘው የድሮ ቴክኖሎጂ፣ ዛሬ ማን ይጠቀማል የምትሉ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ የራውተሮቹ አምራች ሲስኮ ራሱ በ2016 ሲሲኤንኤን (የኔትወርክ ሰርተፊኬቱን) ሲያድስ ከፈተናው አውጥቶታል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ግን ላብ ውስጥ ያሉት የድሮዎቹ 2600 እና 2800 ራውተሮች ከነሲሪያል ኬብላቸው አሁንም አሉ፣ ጂኤንኤስ3 እና ፓኬት ትሬሰር የሚባሉት የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌሮች ላይም አለ፣ አስተማሪዎችም ይወዱታል። ሀሳቡ ደግሞ አልሞተም፣ ዲኤምቪፒኤን (ቅርንጫፎችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ ዘዴ) የሚሰራ ሰው ኤንኤችአርፒ (የሱ አድራሻ ፈላጊ ፕሮቶኮል) ላይ ሲደርስ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ልብስ ነው የሚያገኘው፣ ማለትም «ይሄን አይፒ ለማግኘት በየትኛው መስመር ልውጣ፣ ይሄንንስ ማን ይንገረኝ፣ እኔ ልጻፈው ወይስ ራውተሩ ይጠይቅ?»

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ድርጅት እንፍጠር። ዋናው ቢሮ አዳማ ነው፣ ቅርንጫፎቹ ሞጆና አሰላ። ሶስቱም በአንድ ሰብኔት (የአይፒ ክልል) ውስጥ ናቸው፣ 10.1.1.0፣ አዳማ 10.1.1.1፣ ሞጆ 10.1.1.2፣ አሰላ 10.1.1.3። ከአዳማ ወደ ሞጆ አንድ ፒቪሲ አለ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ ሌላ ፒቪሲ አለ፣ ሞጆና አሰላ ግን በቀጥታ አይገናኙም። ፒቪሲ ማለት ያው አቅራቢው በስዊቾቹ ውስጥ አስቀድሞ የዘረጋላችሁ ቋሚ ቨርቹዋል መስመር ነው፣ አንድ ሲሪያል ኬብል ላይ ብዙ ፒቪሲ ሊኖር ይችላል፣ ራውተሩ እነዛን የሚለያቸው ዲኤልሲአይ በሚባል ቁጥር ነው።

ዲኤልሲአይ ላይ ትንሽ እንቆይ ምክንያቱም ግማሹ ግራ መጋባት እዚህ ነው የሚጀምረው። ቁጥሩ 10 ቢት ነው፣ ከ0 እስከ 1023፣ ለተጠቃሚ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 1007 ያለው ነው። ቁጥሩ የሩቁ ሰውዬ አድራሻ አይደለም! የእኔ ራውተር ከፊቱ ካለው ስዊች ጋር ብቻ የሚግባባበት ቁጥር ነው። አዳማ ሞጆን 102 ይላታል፣ ሞጆ ደግሞ ያንኑ ፒቪሲ ከራሷ በኩል 201 ትለዋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። አዳማ ላይ ቁጭ ብሎ «ሞጆ 201 ናትና 201 ልጻፍ» ያለ ሰው ላቡን እዛው አበቃ፣ ሁሌም የምትጽፉት በራሳችሁ በኩል ያለውን ቁጥር ነው። የእኛ ምሳሌ ውስጥ እንግዲህ አዳማ 102 ወደ ሞጆ፣ 103 ወደ አሰላ፣ ሞጆ 201 ወደ አዳማ፣ አሰላ 301 ወደ አዳማ።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። አዳማ ያለው ራውተር ለ10.1.1.2 ፓኬት አለው፣ በየትኛው ዲኤልሲአይ ያውጣው? ኢተርኔት ላይ ቢሆን ቀላል ነው፣ አይፒውን አውቃለሁ ማክ አድራሻውን ግን አላውቅም ብሎ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ይጮሃል፣ ባለቤቱ ይመልሳል፣ እሱ አርፕ ነው፣ ከ1982 ጀምሮ ያለ ነገር። ፍሬም ሪሌይ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ራውተሩ መስመሩን፣ ማለትም ዲኤልሲአዩን፣ ከስዊቹ ሰምቶ ያውቃል፣ የማያውቀው በዛ መስመር ወዲያኛው ጫፍ ላይ ማን እንዳለ ነው። ስለዚህ ወደ መስመሩ ውስጥ «እኔ 10.1.1.1 ነኝ፣ አንተ ማነህ?» ብሎ ይልካል። ያኛውም «10.1.1.2 ነኝ» ይላል። ኢንቨርስ አርፕ በቃ ይሄ ነው። በ1992 በአርኤፍሲ (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) 1293 ወጣ፣ በ1998 ደግሞ በአርኤፍሲ 2390 ታደሰ፣ የፓኬቱ ቅርጽ የተለመደው አርፕ ነው፣ የኦፕሬሽን ቁጥሩ ብቻ ይለያል፣ 8 ጥያቄ 9 መልስ።

ዲኤልሲአዩን ከየት ሰማ ካላችሁ ከኤልኤምአይ ነው። ራውተሩና ስዊቹ በየ10 ሰከንዱ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ፣ በየስድስተኛው ላይ ማለትም በደቂቃ አንዴ ስዊቹ ያሉትን ፒቪሲዎች ሙሉ ዝርዝር ከነሁኔታቸው ይሰጠዋል፣ አክቲቭ ነው፣ ኢንአክቲቭ ነው፣ ዲሊትድ ነው እያለ። ኤልኤምአይ ሶስት አይነት አለው፣ ሲስኮ፣ አንሲ፣ እና ኪው933ኤ፣ ከአይኦኤስ (የሲስኮ ራውተር ሶፍትዌር) 11.2 ወዲህ ራውተሩ ራሱ አጣርቶ ያውቀዋልና ብዙ አትጨነቁበት። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፣ ኤልኤምአይ ካልሰራ ዲኤልሲአይ አይታወቅም፣ ፒቪሲው አክቲቭ ካልሆነ ኢንቨርስ አርፕ ምንም አያመጣም፣ ኢንቨርስ አርፕ መልስ ካላገኘ ማፕ የለም፣ ማፕ ከሌለ ፒንግ የለም። ስለዚህ ፒንግ እምቢ ሲል ዘላችሁ ማፑ ላይ አትውጡ፣ መጀመሪያ «ሾው ፍሬም-ሪሌይ ኤልኤምአይ»፣ ከዛ «ሾው ፍሬም-ሪሌይ ፒቪሲ»፣ ከዛ ነው «ሾው ፍሬም-ሪሌይ ማፕ»። (ኮማንዶቹን እዚህ በአነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፣ ራውተሩ ላይ ያው በላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ።)

ማፑን ስታዩ ከእያንዳንዱ መስመር ውስጥ አንድ ቃል ፈልጉ፣ «ዳይናሚክ» ነው ወይስ «ስታቲክ»። ዳይናሚክ ከሆነ ራውተሩ በኢንቨርስ አርፕ ጠይቆ ያገኘው ነው፣ ስታቲክ ከሆነ ሰው በእጁ የጻፈው። በሲስኮ ራውተር ላይ ኢንቨርስ አርፕ ሳትጠይቁት የበራ ነው፣ ኢንካፕሱሌሽኑን (ፓኬቱ በመስመሩ ላይ የሚጠቀለልበትን አይነት) ፍሬም ሪሌይ አድርጋችሁ አይፒ ከሰጣችሁት ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ላቡ የሚቀለው፣ አዳማ ሞጆን ፒንግ ያደርጋል፣ አዳማ አሰላን ፒንግ ያደርጋል፣ ምንም ማፕ አልጻፋችሁም፣ እና «እንዴ ይሄ ነው እንዴ ፍሬም ሪሌይ?» ትላላችሁ።

ከሞጆ አሰላን ፒንግ ስታደርጉ ነው ነጥብ ብቻ የሚደረደረው። ኢንቨርስ አርፕ አንድ ፒቪሲ ውስጥ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ወዲያኛው ጫፍ ያለውን ብቻ ይጠይቃል፣ አዳማ ያለው ራውተር «ከኔ ጀርባ አሰላም አለች» ብሎ አይናገርለትም። ሞጆ፣ አሰላ በዛው ሰብኔት ውስጥ ስለሆነች፣ ቀጥታ ጎረቤቴ ናት ብላ ታስባለች፣ ማፕ ውስጥ ትፈልጋታለች፣ የለችም፣ ፓኬቱን ትጥለዋለች። «ዲበግ ፍሬም-ሪሌይ ፓኬት» ከከፈታችሁ ኢንካፕሱሌሽን አልተሳካም፣ ማፕ ኢንትሪ የለም የሚል መስመር በግልጽ ይወጣል።

መፍትሄው ለሞጆ በእጃችን መንገር ነው። ከሞጆ አሰላ መሄድ የፈለገ ሰው አዳማ ገብቶ፣ መናኸሪያ ወርዶ፣ በኢተያ በኩል የሚሄደውን መኪና ይይዛል አይደል? ሞጆ ላይ ሆኖ «የአሰላ መኪና የቱ ነው» ቢባል መልሱ «መጀመሪያ የአዳማውን ያዝ» ነው። ኮማንዱም ያንኑ ነው የሚለው፣ ሞጆ ላይ «ፍሬም-ሪሌይ ማፕ አይፒ 10.1.1.3 201»። ማለትም ለአሰላ አይፒ የሚወጣ ፓኬት ካለ በ201 አውጣው፣ 201 ደግሞ የአዳማ መስመር ነው፣ አዳማ ሲደርስ እሱ በ103 ያሳልፈዋል። አሰላ ላይም በተራው «ፍሬም-ሪሌይ ማፕ አይፒ 10.1.1.2 301»። ሁለቱም ላይ መጻፍ አለበት፣ ፒንግ መሄድ ብቻ ሳይሆን መመለስም አለው፣ አንዱ ጋ ብቻ ጽፈው ሰዓታቸውን የሚያቃጥሉ ብዙ ናቸው።

ጻፍነው፣ ሰራ፣ ሴቭ አደረግን፣ ቤታችን ገባን። ፈንጂው የተቀበረው እዚህ ጋ ነው።

ህጉ እንዲህ ነው። አንድ ዲኤልሲአይ ላይ ለአንድ ፕሮቶኮል ስታቲክ ማፕ ከጻፋችሁ ራውተሩ በዛ ዲኤልሲአይ ላይ ለዛ ፕሮቶኮል ኢንቨርስ አርፕን በራሱ ያቆመዋል። ሳይነግራችሁ። «ሰውየው በእጁ መጻፍ ጀምሯል፣ እንግዲህ ራሱ ይጨርሰው» አይነት ነው። ሞጆ ላይ 201 ላይ የአሰላን ማፕ ስንጽፍ እዛው 201 ላይ አይፒን መጠየቅ ቆመ። ግን ቀድሞ የተማረው የአዳማ ማፕ፣ ያ ዳይናሚኩ፣ ሜሞሪ ውስጥ እንዳለ ነው፣ አይጠፋም። ስለዚህ ማታ ሁሉም ይሰራል፣ አዳማ በድሮው ዳይናሚክ፣ አሰላ በአዲሱ ስታቲክ። ሴቭ ስናደርግ ግን ሴቭ የሚሆነው ኮንፊግ ብቻ ነው፣ ዳይናሚክ ማፕ ኮንፊግ አይደለምና አብሮ አይቀመጥም። መብራት ጠፋ፣ ራውተሩ ተነሳ፣ ኮንፊጉን አነበበ፣ 201 ላይ ስታቲክ አለ፣ ስለዚህ አልጠይቅም አለ፣ አለቀ። ሞጆ አዳማን አታውቃትም። የሚገርመው ደግሞ ሞጆ አሰላን በአዳማ በኩል አልፋ ፒንግ እያደረገች አዳማን ራሷን ግን ፒንግ ማድረግ ሲያቅታት ልታዩ ትችላላችሁ፣ ይሄን ያየ ሰው ራውተሩ አብዷል ቢል አይፈረድበትም።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፣ ሞጆ ላይ «ፍሬም-ሪሌይ ማፕ አይፒ 10.1.1.1 201 ብሮድካስት»፣ አሰላ ላይም በ301 እንደዛው። የኔ አቋም፣ አንድ ዲኤልሲአይ ላይ አንድ እንኳን ስታቲክ ከጻፋችሁ በዛ ዲኤልሲአይ የሚደረስበትን ሁሉ ስታቲክ ጻፉ። ግማሽ አውቶማቲክ ግማሽ በእጅ የሆነ ነገር ዛሬ ይሰራና ነገ ያዋርዳል። ላብ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ወዳችሁ ሪሎድ አድርጉት (ራውተሩን እንደ አዲስ አስነሱት)፣ መብራት ኃይል ሳያደርግላችሁ በፊት።

መጨረሻ ላይ ያለችውን «ብሮድካስት» የምትለዋን ቃል አየኋት ብላችሁ አትለፏት። ፍሬም ሪሌይ ብሮድካስት የማያውቅ ሚዲያ ነው፣ ለሁሉም አንዴ መጮህ የለም፣ ራውተሩ ብሮድካስትና መልቲካስት መላክ ሲፈልግ በየፒቪሲው ኮፒ እያደረገ ነው የሚልከው፣ ያንንም የሚያደርገው ከተፈቀደለት ነው። ኢንቨርስ አርፕ የሚሰራው ዳይናሚክ ማፕ ፈቃዱ አብሮት ይመጣል። በእጅ የምትጽፉት ግን ካልጻፋችሁለት የለውም። ስለዚህ ኢንቨርስ አርፕን አጥፍታችሁ ወደ ስታቲክ ስትዞሩ ፒንግ እየሰራ ኢአይጂአርፒ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት የራውቲንግ ፕሮቶኮል) ጎረቤት ሲያጣ ካያችሁ ይቺ ቃል ናት የጎደለችው፣ ጎረቤት የሚፈልግበት ሄሎ መልቲካስት ነውና። ስፖኮቹ (ቅርንጫፎቹ) ላይ የሃቡ (የማዕከሉ፣ እዚህ የአዳማ) ማፕ ላይ ብቻ ማድረጉ ይበቃል፣ በየማፑ ሁሉ መደርደር አያስፈልግም። ኦኤስፒኤፍ የሚባለው ሌላው የራውቲንግ ፕሮቶኮል የራሱ ጣጣ አለው፣ ዋናው ኢንተርፌስና መልቲፖይንት ሰብ-ኢንተርፌስ (ብዙ ፒቪሲ የሚይዝ የኢንተርፌስ ንዑስ ክፍል) ላይ ኔትወርክ ታይፑ ነን-ብሮድካስት ስለሚሆን ብሮድካስት ብትጽፉም ጎረቤቱን በ«ኔበር» ኮማንድ ካልነገራችሁት አይጀምርም፣ ሄሎውም በየ30 ሰከንድ ነው፣ ፖይንት-ቱ-ፖይንት (አንድ ፒቪሲ ብቻ የሚይዝ) ላይ ግን በየ10።

እሺ፣ አሁን ሆን ብለን ኢንቨርስ አርፕን ማጥፋት ብንፈልግስ? መጀመሪያ ለምን እንደምንፈልግ ልንገራችሁ፣ «ቲውቶሪያሉ ላይ ስላየሁት» ምክንያት አይደለም። ትልቁ ምክንያት ከጠየቃችሁት በላይ ፒቪሲ ሲሰጣችሁ ነው። አቅራቢው ወይም የላቡ አስተማሪ ስዊቹን ፉል ሜሽ (ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ) አድርጎ ይዘረጋዋል እንበል፣ ሞጆና አሰላም መሃል 203 እና 302 የሚል ፒቪሲ አለ፣ እናንተ ግን ሁሉም ትራፊክ በአዳማ እንዲያልፍ ነው የምትፈልጉት፣ ምናልባት ፋየርዎሉ አዳማ ስላለ። ኤልኤምአይ 203ንም ለሞጆ ይነግራታል፣ ለማንም ሰብ-ኢንተርፌስ ያልተሰጠ ዲኤልሲአይ ሁሉ ደግሞ ለዋናው ኢንተርፌስ ነው የሚሆነው፣ ሞጆ በ203 ትጠይቃለች፣ አሰላ ትመልሳለች፣ እናም ትራፊኩ አዳማን ዘሎ በጓሮ ይሄዳል። ማንም ስህተት አልሰራም፣ ራውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ግን ዲዛይናችሁ ፈርሷል። ፈተና ላይ «ይህን ፒቪሲ አትጠቀሙ» የሚል ጥያቄ ይመጣ የነበረውም ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ኢንቨርስ አርፕ ማንነት አያጣራም፣ ወዲያ ማዶ ያለው «10.1.1.3 ነኝ» ካለ ነው ብሎ ይመዘግበዋል፣ ማዶ ላይ የሆነ ሰው አይፒ ተሳስቶ ከጻፈ የእናንተ ማፕ ውስጥ የእሱ ስህተት ይገባል።

ማጥፋቱ በሁለት ደረጃ ነው። ኢንተርፌሱ ላይ ገብታችሁ «ኖ ፍሬም-ሪሌይ ኢንቨርስ-አርፕ» ካላችሁ ለሁሉም ፕሮቶኮል በሁሉም ዲኤልሲአይ ላይ ይቆማል። አንዱን ብቻ ከፈለጋችሁ «ኖ ፍሬም-ሪሌይ ኢንቨርስ-አርፕ አይፒ 203» ትላላችሁ፣ 203 ላይ ብቻ አይፒ አይጠየቅም፣ 201 እንደበፊቱ ይቀጥላል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ከአመት በኋላ ኮንፊጉን የሚያነብ ሰው የትኛው ፒቪሲ ሆን ተብሎ እንደተዘጋ ያያል፣ ጅምላው ግን ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

ግን ኮማንዱን ጽፎ ማፑን አይቶ «አልጠፋም እኮ» የሚል ሰው ይኖራል፣ ትክክል ነው አልጠፋም። ኮማንዱ ከአሁን በኋላ አትጠይቅ ነው የሚለው፣ የተማርከውን እርሳ አይልም። የተማረውን ለማስረሳት «ክሊር ፍሬም-ሪሌይ ኢንአርፕ» አለ፣ በአንዳንድ የቆዩ አይኦኤሶች ላይ መሃሉ ላይ ሰረዝ ይገባዋል፣ የጥያቄ ምልክት ተጭናችሁ እዩት። እና ክሊር አድርጋችሁም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል! ለምን መሰላችሁ፣ ኮማንዱ ራውተራችሁ ጥያቄ እንዳይልክ ነው የሚያደርገው፣ ከወዲያ የመጣለትን ጥያቄ ግን አሁንም ይመልሳል። ሞጆ ላይ ብቻ ካጠፋችሁ አሰላ መጠየቋን አልተወችም፣ ሞጆም በጨዋነት ትመልስላታለች፣ አሰላ ላይ የሞጆ ማፕ በ302 ይመዘገባል። ከዛ ፓኬቱ በአንድ በኩል በአዳማ ይሄዳል በሌላ በኩል በጓሮ ይመለሳል፣ ፒንጉ ይሰራል፣ ትሬስራውት (ፓኬቱ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳየውን ኮማንድ) ስታደርጉ ብቻ ነው የሚገባችሁ። ስለዚህ ማጥፋት ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ነው፣ የአንዱ ጫፍ ብቻ ስራ አይደለም።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ራውተሩ ፈጣን ነው፣ እናንተ ደግሞ ትተይባላችሁ። ኢንተርፌሱ ክፍት እያለ ኢንካፕሱሌሽን ጽፋችሁ፣ አይፒ ጽፋችሁ፣ ከዛ «ኖ ኢንቨርስ-አርፕ» እስክትሉ እሱ ጠይቆ ጨርሷል። መጀመሪያ ኢንተርፌሱን ሻት አድርጉት (ዝጉት)፣ ኢንካፕሱሌሽኑን ስጡት፣ ኢንቨርስ አርፑን አጥፉ፣ አይፒውንና ስታቲክ ማፖቹን ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ «ኖ ሻት»። ይሄን ልማድ ያደረገ ሰው ክሊር የሚለውን ኮማንድ ብዙ አይፈልገውም።

በዚህ ቅደም ተከተል የማይሰሩ ሰዎች የሚያገኙት ሌላ ጉድ አለ፣ ማፑ ውስጥ 0.0.0.0 የሚል አይፒ ዳይናሚክ ሆኖ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ማን ነው ይሄ 0.0.0.0? ብዙውን ጊዜ ፍሬም ሪሌይ ተደርጎ የተከፈተ ግን ገና አይፒ ያልተሰጠው ራውተር ማዶ ላይ ሲኖር ነው። ክሊር አድርጋችሁት ከሄደ ጥሩ፣ እምቢ ካለ ኢንቨርስ አርፑን አጥፉ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ሪሎድ። ከሱ ጋር መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው። ላብ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሁሉም ቡድን ይሄን ካላደረገ ከጎረቤት ጠረጴዛ ተመልሶ ይመጣባችኋል።

ይሄ ሁሉ ጣጣ የሚመጣው ግን አንድ ኢንተርፌስ ላይ ብዙ ፒቪሲ ስለሰበሰብን ነው። ፖይንት-ቱ-ፖይንት ሰብ-ኢንተርፌስ ብትጠቀሙ አብዛኛው ነገር ይጠፋል። አዳማ ላይ ሲሪያል 0/0.102 ብላችሁ ትከፍታላችሁ፣ «ፍሬም-ሪሌይ ኢንተርፌስ-ዲኤልሲአይ 102» ትሉታላችሁ፣ በቃ። በዛ ሰብ-ኢንተርፌስ ውስጥ የገባ ሁሉ መውጫው አንድ ስለሆነ «በየት ልውጣ» የሚል ጥያቄ የለም፣ ጥያቄው ከሌለ ኢንቨርስ አርፕም ስራ የለውም፣ ማጥፋትም ማብራትም አያስፈልግም። ሞጆና አሰላ የተለያየ ሰብኔት ስለሚሆኑ በራውቲንግ በአዳማ በኩል ይገናኛሉ፣ የስፖክ ማፕ የሚባል ነገር ቀረ። ኪሳራው ለእያንዳንዱ ፒቪሲ አንድ ሰብኔት መፈለጉ ነው፣ በስላሽ 30 (በትንሽ ሰብኔት) አራት አድራሻ ይሄዳል፣ ለሁለት ቅርንጫፍ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ሰብ-ኢንተርፌሱን ስትፈጥሩት መልቲፖይንት ካላችሁት በኋላ ወደ ፖይንት-ቱ-ፖይንት ልቀይር ብትሉ ራውተሩ እንቢ ይላል፣ አጥፍታችሁ ሪሎድ ማድረግ ወይም ሌላ ቁጥር መውሰድ ነው። በዋናው ኢንተርፌስ ላይ የቀረ የድሮ አይፒ ካለም አንሱት።

ስለዚህ ጠይቁኝ ካላችሁ፣ እውነተኛ ስራ ላይ ፖይንት-ቱ-ፖይንት፣ ፈተና ወይም ላብ «አንድ ሰብኔት» ብሎ ካስገደደ ስታቲክ፣ አዲስ መስመር ሲገባ ግን ለመፈተሽ ኢንቨርስ አርፑን ተዉት። የመጨረሻዋ ትገርማችሁ ይሆናል ግን እውነቴን ነው፣ ማዶ ላይ ማን እንዳለ ሳታውቁ የትኛው ዲኤልሲአይ የት እንደሚሄድ በነጻ የሚነግራችሁ እሱ ነው። አቅራቢው በወረቀት የሰጣችሁ ቁጥር ተገላብጦ ቢሆን እንኳን ማፑ ላይ ወዲያው ይታያል፣ ካረጋገጣችሁ በኋላ ትዘጉታላችሁ።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንዱ፣ መልቲፖይንት ላይ ራውተሩ የራሱን አይፒ ፒንግ ቢያደርግ አይሰራም፣ የተበላሸ ነገር ስለሌለ አትደንግጡ፣ ለራሱ አይፒም ማፕ ይፈልጋል፣ ኢንቨርስ አርፕ ደግሞ ስለራሱ አይጠይቅም። የግድ ካስፈለገ አዳማ ላይ «ፍሬም-ሪሌይ ማፕ አይፒ 10.1.1.1 102» ትሉና ፓኬቱ ሞጆ ደርሶ ይመለሳል፣ ለዚህም ነው የራስን ፒንግ የሚፈጀው ጊዜ ሞጆን ፒንግ ከማድረግ በላይ የሚሆነው። ይሄን ስትጽፉ ግን ከላይ ያልኩት ህግ እዚህም ይሰራል፣ 102 ላይ ስታቲክ ገባ ማለት ነው፣ ስለዚህ 10.1.1.2ንም አብራችሁ ጻፉት።

ሁለተኛው አይፒ ስሪት 6 ነው። ለእሱ የሚሆን ተመሳሳይ ዘዴ በ2001 በአርኤፍሲ 3122 ተጽፏል፣ ሲስኮ አይኦኤስ ላይ ግን በፍሬም ሪሌይ አይፒ ስሪት 6 ስትሰሩ ማፑን በእጃችሁ ነው የምትጽፉት፣ ግሎባል አድራሻውን ብቻ ሳይሆን ሊንክ-ሎካሉንም (በዛው መስመር ውስጥ ብቻ የሚያገለግለውን አድራሻ) ጭምር፣ ራውቲንግ ፕሮቶኮሎቹ የሚነጋገሩት በሊንክ-ሎካል ነውና። ሊንክ-ሎካሉ ራውተሩ ራሱ የሚፈጥረው ረጅም ቁጥር ስለሆነ መጀመሪያ እናንተ አጭር ስጡት፣ ኤፍኢ80::1 አይነት፣ ከዛ ማፑን መጻፉም ማንበቡም ይቀላል።